ዛፉን ተይውና ሐረግ ስፊ

ሰሞኑን ከአዳማ አንድ ደብዳቤ ደረሰኝ። ረዘም ስለሚል አሳጥሬ ላቅርበው።

«እትዬ፣ የእናቴን 70ኛ ዓመት በፋሲካ ማግስት ልናከብርላት ነው። ቤተሰቡ ሁሉ ይሰበሰባል፣ ከውጭም የሚመጡ አሉ። በእጄ የሠራሁት የቤተሰብ ዛፍ ልስጣት ብዬ ከኢንተርኔት አንድ ትልቅ ዛፍ አወረድኩ፣ አሳተምኩ፣ ፎቶ መለጠፍ ጀመርኩ። ወረቀቱ በኮላው ተኮማተረ። ቦታውም አልበቃኝም። ከዚያ ዋናው ጣጣ መጣ። የእናቴ አባት የወንጂ ፋብሪካ ሲከፈት ከከምባታ መጥተው ሸንኮራ ቆራጭ የነበሩ ሰው ናቸው። ከአያቴ ሌላ ሁለተኛ ቤት ነበራቸው፣ ከዚያም ሦስት ልጆች አሉ። አክስቴ ይህን ላደርግ መሆኔን ስትሰማ ‹በእናትሽ ድግስ ገመናችንን ግድግዳ ላይ ልትሰቅይ ነው?› ብላ ጮኸችብኝ። በጉዲፈቻ እኛ ቤት ያደገ ወንድምም አለን፣ እሱን የት እንደማደርገው አላውቅም። የሴት አያቴን እናት ስም የሚያውቅ ደግሞ ጠፋ። ሰርፕራይዝ ስለሆነ እናቴን መጠየቅ አልችልም። ስድስት ሳምንት ነው የቀረኝ። እጄ ለእንዲህ ዓይነት ሥራ የተፈታ አይደለም፣ እህቴ ደግሞ ነፍሰ ጡር ስለሆነች አታግዘኝም። ልተወው እንዴ?» (የፍራንኮ ሰፈሯ ነኝ)

አትተይው። ያንን ዛፍ ግን ለሰፈር ሕፃናት ቀለም መቀቢያ ስጫቸው።

ከልቤ ነው። የኢንተርኔቱ ዛፍ አንድ ግንድ ብቻ ነው ያለው። አንድ ግንድ ካለ ግንዱ ማን ነው የሚል ነገር ይመጣል። አያትሽ ግንድ ይሁኑ እንበል፣ ሁለተኛዋ ሚስታቸው ምን ሊሆኑ ነው? ቅርንጫፍ? ልጆቻቸውስ የትኛው ጎን ይብቀሉ? አንቺ ደግሞ ስንት ቀን ወረቀቱ ጠበበኝ እያልሽ ስትለፊ ነበር።

በኛ አማርኛ እኮ የዘር ሐረግ ነው የሚባለው። ሐረግ ደግሞ ያ አጥር ላይ የሚንጠላጠለው፣ ያገኘውን ተደግፎ የሚወጣው፣ አንዳንዴም ዞሮ ራሱ ላይ የሚጠመጠመው ተክል ነው። የብራና መጻሕፍት ገጽ አናት ላይ ያለውን በቀለም የተጠላለፈ ጌጥ አይተሽ ታውቂያለሽ? የሱም ስም ሐረግ ነው። አንዱን መስመር በዓይንሽ ስትከተይው በሌላው ሥር ይገባና ወዲያ ማዶ ብቅ ይላል። የአያትሽን ቤት የሚመስለው ይሄ ነው። ስለዚህ ወረቀቱን ትተሽ ጨርቅ ላይ ሐረግ ስፊ።

እኔም አንድ ጊዜ ዛፍ ሠርቼ አፍሬበታለሁ። የባለቤቴ አጎት ጡረታ ሲወጡ ነው። ትልቅ ካርቶን ላይ ቡናማ ግንድ ቀብቼ፣ ከአረንጓዴ ወረቀት ቅጠል ቆርጬ፣ በየቅጠሉ ስም ጽፌ በኮላ ለጠፍኩ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሌሊት ሌሊት። ሲሰቀል ተጨበጨበልኝ። እንግዳው ወደ ምግቡ ሲያመራ ግን አንዲት በዕድሜ ገፋ ያሉ ሴት ብቻቸውን ዛፉ ፊት ቀርተው አየሁ። ነጠላቸውን በአንድ እጃቸው ሰብስበው በሌላው ጣታቸው ቅጠል በቅጠል እየነኩ ያነባሉ። ከግራ ጀምረው እስከ ቀኝ፣ ከዚያ እንደገና ከላይ። የአጎትየው እህት ናቸው፣ ከሌላ እናት። ረስቻቸው ቢሆን ጥሩ ነበር። አልረሳኋቸውም፣ «ቦታ ከተረፈ» ብዬ ነው ያለፍኳቸው። ዞር ሲሉ ዓይን ለዓይን ተጋጨን። «ጥሩ ሠርተሻል፣ እጅሽ ይባረክ» አሉኝና ሄደው ተቀመጡ። አንድ ቅጠል ቆርጬ ልጨምር ብል ቦታ የለም፣ የተለጠፈው አይነሳ።

ከዚያ ወዲህ ስም በኮላ አልለጥፍም። በሸሚዝ ቁልፍ ነው የምይዘው። ቅጠሉ ይቆለፋል፣ ይፈታል፣ ይዛወራል፣ ይጨመራል።

አሠራሩን ልንገርሽ። ሁለት ሜትር አቡጀዲ ግዢ። ከመቁረጥሽ በፊት በሙቅ ውኃ እጠቢው፣ አቡጀዲ መጀመሪያ ሲታጠብ ይሰበሰባል፤ ሥራሽን ከጨረስሽ በኋላ ከተሰበሰበ ሐረግሽ ሁሉ ይጨማደዳል። አድርቂው፣ ተኩሺው። የላይኛውን ጠርዝ እንደ መጋረጃ አጥፈሽ ስፊና ቀርከሃ አሳልፊበት፣ በእሱ ይሰቀላል።

ሐረጉን በኪሮሽ ትሠሪዋለሽ። አትደንግጪ፣ ሰንሰለት ብቻ ነው፤ ቀለበት በቀለበት ውስጥ ማሳለፍ፣ ኪሮሽ የያዘ ሰው በመጀመሪያው ቀን የሚለምደው። ባይሆንልሽ ደግሞ ከእናትሽ ትውልድ ዳንቴል ያልሠራ ማን አለ? ቴሌቪዥኑ ሳይቀር ዳንቴል ለብሶ የሚውልበት ዘመን ነበር እኮ። ሰንሰለቱን ጨርቁ ላይ እያጣመምሽ ታስተኚውና በራሱ ቀለም ቀጭን ክር፣ በየአንድ ጣት ስፋቱ እየያዝሽ ትሰፊዋለሽ።

እናትሽን መሃል አድርጊያቸው፣ ቀኑ የሳቸው ነው። የአባታቸው ሐረግ አንድ ቀለም፣ የእናታቸው ሌላ ቀለም ይሁን። ሁለቱ ከላይ እየተጠማዘዙ መጥተው እናትሽ ላይ ይደርሳሉ፣ የአባትሽ ወገን ሐረግ ከጎን ይቀላቀላል፣ ከዚያ ወደ እናንተ ይወርዳል። ሁለተኛዋ ሚስት የራሳቸውን ቀለም ይዘው ይመጣሉ፣ አያትሽ ጋ አንድ ጊዜ ይጠመጠሙና ሦስት ልጆቻቸውን ይዘው በራሳቸው መንገድ ይሄዳሉ። አየሽ፣ ማንም የማንም ቅርንጫፍ አልሆነም።

መርፌ ከማንሳትሽ በፊት ግን ሁሉንም መሬት ላይ ዘርጊው። ስሞቹን በብጣሽ ወረቀት ጽፈሽ በየቦታቸው አስቀምጪ፣ ክሩንም ሳትሰፊ አስተኚና አንድ ቀን እንዳለ ተይው። መስኮቱን ዝጊ ታዲያ! የአዳማን ንፋስ ታውቂዋለሽ፣ ያን ሁሉ ተርባይን ከከተማው ጀርባ የደረደሩት በከንቱ አይደለም። በየወረቀቱ ላይ አንድ አንድ የባቄላ ፍሬ ጣል አድርጊበት።

ቅጠሎቹን ልብስ ሰፊ ቤት ከሚጣለው ቁርጥራጭ ሥሪ፣ ብትለምኚ ፌስታል ሙሉ ይሰጡሻል። ስስ ጨርቅ ጠርዙ ስለሚተረተር፣ ልብስ ሰፊዎች ኮሌታ ውስጥ የሚያስገቡትን በካውያ የሚጣበቅ ጠንካራ ጨርቅ ከጀርባው አጣብቀሽ ከዚያ ቁረጪ። ስድስት ሴንቲ በአራት ሴንቲ ይበቃል። ከዚያ ካነሰ አይነበብም፣ እንግዶችሽ ደግሞ መነጽራቸውን ቤት ረስተው የሚመጡ ዓይነት ናቸው። ለአንድ ትውልድ አንድ ቀለም ስጪ፣ የአክስትሽ ልጅ የትም ጥግ ቢሆን እኩያሽ መሆኑ ይታወቃል።

ቁልፉ ላይ ረጋ በይ። ጨርቁ ላይ አጥብቀሽ ከሰፋሽው ቅጠሉ ከሥሩ አይገባም። በቁልፉና በጨርቁ መሃል አንድ የክብሪት እንጨት አስገቢ፣ እንጨቱ እዚያው እንዳለ ስፊ፣ ስትጨርሺ እንጨቱን ሳቢና ክሩን ከቁልፉ ሥር ሦስት አራት ጊዜ ጠምጥመሽ ቋጪው። አንገት ያወጣል። የቅጠሉ ቀዳዳ ከቁልፉ ስፋት በትንሹ ይርዘም፣ እንዳይተረተር ዙሪያውን በክር ያዢው። በአንድ ቅጠል ሞክሪና እንደሚሠራ ካየሽ በኋላ ሌላውን ቁረጪ። ሠላሳ ቅጠል ቆርጦ ጨርሶ ቀዳዳው እንደጠበበ ማወቅ ምን እንደሚመስል አትጠይቂኝ።

ስሙን በስክሪፕቶ አትጻፊ፣ ቶሎ ይደበዝዛል። ተራ ማርከር ደግሞ ጨርቅ ላይ ይስፋፋል። በእርሳስ ጽፈሽ በጥልፍ ክር ተከተይው። «ለ» ሦስት ስፌት ናት። «ጨ» የደረሰበት ይቻለው።

በፊት ለፊቱ ቤት ውስጥ የሚጠሩበትን ስም አድርጊ፣ ከጀርባው የመዝገቡን። አንድ ሰው እኮ መታወቂያ ላይ ያለ ስም አለው፣ የክርስትና ስም አለው፣ አያቱ ያወጡለት አለው፣ ሰፈር የለጠፈለትም አለ። እናትሽ «ኪኪ» ሲሉት የኖሩትን ልጅ በሙሉ ስሙ ብትጽፊው ማን እንደሆነ ቆም ብለው ማሰብ ሊኖርባቸው ነው። ከጀርባው የትውልድ ቦታም ጨምሪ። ትልልቆቹ «ናዝሬት» ካሉሽ ናዝሬት ብለሽ ጻፊ፣ አሮጌ ወረቀቶቻቸውም ላይ የምታገኚው እሱን ነው። ልጆቹ ላይ አዳማ ይሆናል።

ዓመቱን ሁሉ በኛ አቆጣጠር አድርጊው። ውጭ ያሉት የፈረንጁን ከላኩልሽ ሰባት ወይም ስምንት መቀነስሽን አትርሺ፤ ከመስከረም አንስቶ ፈረንጆቹ ዓመት እስኪለውጡ ሰባት ነው፣ ከዚያ ወዲያ ስምንት። አንድ ነገር ደግሞ አደራ፣ በሕይወት ያለ ሰው ስም ሥር «1948 –» ብለሽ ሰረዝ አድርገሽ ባዶ እንዳትተይ። በልደታቸው ቀን ያ ሰረዝ ማንን እንደሚጠብቅ ይገባቸዋል።

ወደ ስም ፍለጋው ልምጣ። የኛ አጠራር ግማሹን ሥራ ጨርሶልሻል፤ የማንንም መታወቂያ ብታዪ ሦስት ትውልድ ተደርድሯል፣ ልጅ፣ አባት፣ አያት። እናት ግን የለችበትም። የአባቱን ወገን እስከ ሰባት ቤት በቃሉ የሚቆጥር ሰው የእናቱን እናት እናት ስትጠይቂው ጣሪያ ጣሪያ የሚያየው ለዚህ ነው። ስለዚህ የሴቶቹን ስም አስቀድሚ፣ የወንዶቹ የትም አይሄድም።

የሴት አያትሽን እናት ስም ወንጂ ሄደሽ ፈልጊ። የእድሩን ጸሐፊ ጠይቂ። እድር ለማን ለቅሶ እንደሚደርስ ለማወቅ የአባሉን ወላጆችና የትዳር ጓደኛውን ወላጆች ስም መዝግቦ ይይዛል፣ የድሮውን ደብተር ያልጣለ ጸሐፊ ካገኘሽ ወርቅ ነው። ኦርቶዶክስ ከነበሩ ደግሞ የሙት ዓመታቸውን ያስደርግ የነበረውን ሰው አፈላልጊ። በጸሎት የሚጠራው የክርስትና ስም ስለሆነ የዓለም ስማቸው ተረስቶ እሱ ተርፎ ሊሆን ይችላል። ሁሉም እምቢ ካለ ስም የሌለው ቅጠል ቆልፊላቸው። ድግሱ ላይ አንድ አሮጊት አይተውት «ይቺ ማናት?» ማለታቸው አይቀርም፣ ጨዋታው ከዚያ ይመጣል።

ትልልቅ ሰዎችን «በስንት ዓመተ ምሕረት?» ብለሽ አታስጨንቂ። «ጣሊያን ሲገባ ተወልደው ነበር?» በይ፣ 1928 ነው። «ሲወጣስ?» 1933። «ሆላንዶቹ ወንጂ ላይ ስኳር ማምረት ሲጀምሩ ማን ታዝሎ ነበር?» 1946። በሒሳቡ እናትሽ ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ነው የተወለዱት፣ አያትሽ ገና ቆንጨራው እጃቸውን ሳይለምደው።

ሰርፕራይዙን ግን ተይው። ይሄን ሁሉ የሚያውቁት እናትሽ ናቸው፤ አንቺ የቤቱን መዝገብ ዘግተሽ ደጅ ለደጅ ትለምኛለሽ። ደግሞ በ70ኛ ዓመታቸው፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ የአባታቸውን ሁለተኛ ቤት ግድግዳ ላይ ድንገት እንዲያዩ ማድረግ ጥሩ አይደለም። ደስ ቢላቸው እንኳ መጀመሪያ ብቻቸውን ሊያስቡበት ይገባል። እሑድ ሂጂ። ሁዳዴ ስለሆነ ሠርግም የለም፣ ቤት ናቸው። ጨርቁን አታሳዪ፣ ደብተር ብቻ ያዢ። «እማዬ፣ ለልደትሽ በእጄ የምሠራው ነገር አለ፣ የሰው ስም ጎደለኝ» በይ። ምን እንደሚመስል አያውቁትምና የዕለቱ ደስታ አይቀርብሽም።

በአቦሉ ስለ እናታቸው ጠይቂ። እስከ በረካ ድረስ የሌላኛውን ቤት ነገር ራሳቸው ያነሱት ይሆናል። ካላነሱ አንቺ አንሺ፣ ሳትዞሪ ሳትሽከረከሪ፤ «የነሱንም ስም ላድርገው?» እሺ ካሉ የአክስትሽ ቁጣ ሌላ ጉዳይ ነው። እምቢ ካሉም ልደቱ የሳቸው ነው፣ አትከራከሪ። ሐረጉን ሠርተሽ ቁልፎቹን ስፊ፣ ቅጠሎቹን ከጨርቁ ጀርባ ትንሽ ኪስ አበጅተሽ አስቀምጪ። ባዶ ቁልፍ ጌጥ ነው የሚመስለው፣ ማንም አይጠይቅሽም። ኪሱ ውስጥ ምን እንዳለ ግን ለእናትሽ ንገሪያቸው፣ እንዳትደብቂ።

እሺ ካሉ ደግሞ ለሦስቱም ደውዪ። የልጆቻቸውን ስም በትክክል ያዢ፣ መውጣቱን ይፈልጉ እንደሆነም ጠይቂ። እነሱም የሰው ሳሎን ግድግዳ ላይ መዋል ላያስደስታቸው ይችላል። ድግሱንም ጥሪያቸው። ስማቸውን ሰቅለሽ እነሱን ካልጠራሽ ያኔ ነው ገመና።

አክስትሽን እኔ አልፈርድባቸውም። አንቺ የደረሰሽ ታሪኩ ነው። እሳቸው እናታቸው በር በሩን እያዩ ያመሹበትን ማታ ነው የሚያስታውሱት። የሚፈሩት እናታቸው ከሁለተኛዋ እኩል ተደርገው እንዳያንሱባቸው ይመስለኛል። ስለዚህ የሴት አያትሽን ሐረግ በድርብ ክር አድርጊው፣ ከሁሉም ወፈር ይበል፣ ይገባቸዋል። ኪሮሹንም እንዲሠሩልሽ እሳቸውን ለምኚ፣ ቀለሙን ራሳቸው ይምረጡ። እምቢ ካሉሽ እሺ ብለሽ ውጪ፣ በሳምንቱ ክሩን ይዘሽ ተመለሺ።

ወንድሜን የት እንደማደርገው አላውቅም ያልሽው ነገር ግን ትንሽ አናዶኛል። ከናንተ መሃል ነዋ! በዕድሜ ተራው። ቅጠሉም ቁልፉም ከናንተ አይለይ። ጉዲፈቻ የሚለውን ቃል ከኦሮምኛ ወስደን ሕጋችን ውስጥ ሳይቀር አስገብተነዋል፣ በባህሉ ደግሞ ልጁ እንደ አብራክ ክፋይ ነው የሚቆጠረው። አዳማ ተቀምጠሽ ይሄን ከኔ መስማት አልነበረብሽም። የወለዱት ሰዎች ስም ከቅጠሉ ጀርባ ይጻፍ አይጻፍ የሚለውን እሱን ጠይቂው። እሱን ብቻ።

ፎቶውን እርሺው። አንዱ በስቱዲዮ ከረባት አድርጎ የተነሳው፣ ሌላው የመታወቂያ ጉርድ፣ አንዷ ከሠርግ ላይ ተቆርጣ የመጣች፣ ግማሾቹ ደግሞ ጭራሽ የላቸውም። የምትወጂው ፎቶ ካለ ኮፒ አስደርገሽ ለብቻው አልበም አድርጊው። ዋናውን አትለጥፊ፣ ላሚኔትም አታስደርጊ፣ አንዴ ከተጣበቀ አይላቀቅም። ኮፒ ስታደርጊ ጀርባውንም ገልብጠሽ እዪ፣ የድሮ ሰው «ለማስታወሻ» ብሎ ቀንና ቦታ ይጽፍ ነበር።

ስድስቱን ሳምንት እንዲህ ተጠቀሚበት፤ ሁለቱን ለስም ለቀማ፣ የቀረውን ለስፌት። በቀን ሦስት ቅጠል ከሠራሽ ትደርሻለሽ። ሲሰቀል የከሰዓት ፀሐይ የማያገኘው ግድግዳ ምረጪ።

እህትሽ አታግዘኝም ያልሽውን አልተቀበልኩትም፣ ነፍሰ ጡር ተቀምጣ ቁልፍ መስፋት አያቅታትም። ከአሮጌ ሸሚዞች ቁልፍ እየፈታች ትሰብስብልሽ፣ ከራሷ ቅጠል ሥርም አንድ ባዶ ቁልፍ ራሷ ትስፋ። መንታ ከሆነ ሁለት።